ሁመድ ሳይዘጋው የሄደው ገጽ

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ጠዋት 2፡30
ዋናው ኮምፒውተር ዛሬም ግሏል። ኤሲው እያነከሰ ነው። የሰመራ ሙቀት እንኳን ለማሽን ለእኔም አልሆነ። ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚህ፣ እኔ ክፍል። ይሄ ከቆመ መ/ቤቱ ቆመ። ኃላፊው ቅዳሜ አጥፍተሽ አስነሺው አሉ።
ማን ማን ከፍቶ እንደሚሠራ ዝርዝሩን አየሁ። የሁመድ ስም አለ። ሁመድ እኮ ሎጊያ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ አሥራ ሁለት ቀኑ። ስክሪኑ ጠፍቷል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ሥራው ግን እዚህ እንደተከፈተ። ኢና ሊላህ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደብተሬ። ሲቀጠር፣ ስትወጣ ስክሪኑን ብቻ አጥፋ፣ ነገ ካቆምክበት ታገኘዋለህ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሌም አገኘው። ሴቭ ማድረግ ለምን ይልመድ? ቅዳሜ ሳጠፋው የጻፈው ሁሉ ይሄዳል።
ለኃላፊው ነገርኳቸው። የቢሮ ፋይል ካለ አውጪ ብለው ፈቀዱ። እጄ እምቢ አለ። የሰው ምስጢር ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ከሰዓት 9፡00
ከፈትኩት። ምነው ባልከፈትኩት።
የቢሮ ነገር የለም። ደብዳቤ ነው። ገዋኔ ላለው ለታላቅ ወንድሙ ለያሲን። በከብት ውሃ ተጣልተው ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። በአፋርኛ ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር ይላል። ለዐረፋ እመጣለሁ ይላል። ከዚያ መሃል ላይ ቆሟል።
ዐረፋም አለፈ። ያሲን ለቅሶ መጥቶ ነበር። በር ላይ ቆሞ፣ ማንንም ሳያናግር ተመለሰ። ያኔ ኮርቶ ነው ብዬ አምቼዋለሁ። አፈርኩ። አለቀስኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6
ደብዳቤውን በሹፌር ልላከው ብዬ ወ/ሮ አሲያን አማከርኳት። አፋር ናት፣ ጠረጴዛዋ ከሁመድ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። በጣም ተቆጣች። በእነሱ ዳጉ በሚባለው ወግ፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይነጋገራል፤ ወሬውን ይዞ መቅረት፣ ወረቀት ብቻ መላክም ነውር ነው።
“ያየሽው አንቺ ነሽ” አለችኝ። “አንቺው ትነግሪዋለሽ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።”
አተምኩት። አልጨረስኩለትም። ነጥብ እንኳ አልነካሁም።
ነገ ጠዋት ማሽኑን አጠፋለሁ፣ አስነሳለሁ። ከዚያ ሚኒባስ ይዤ ገዋኔ። ያሲን ፊት ቁጭ እላለሁ። ቢያባርረኝም እነግረዋለሁ፦ የሰው ደብዳቤ መክፈቴን፣ ሴቭ አለማስተማሬን፣ በር ላይ ሳየው ማማቴን። የእኔ ይቆይ ግን። መጀመሪያ የምለው፣ ሊመጣልህ ነበር።