አምስተኛው በረኛ

ለኖኅ እናት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? እናንተ ጋ ኤድመንተን ዘንድሮ ቶሎ በረዶ ጣለ ሲሉ ሰምቻለሁና ወደ ሥራ ስትነጂ ተጠንቀቂ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መጠየቅሽን ብጠራጠርም፣ አለሁ። ሥራ እገባለሁ፣ ከሥራ እወጣለሁ።

ስልኬን ብሎክ ስላደረግሽው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። በአማርኛ መጻፌ አይግረምሽ። የቤታችን ቋንቋ ትግርኛ ቢሆንም አንቺም እኔም ፊደል የቆጠርነው አዲስ አበባ ነው። ደግሞ በትግርኛ የተጣላነው ይበቃናል።

ባለፈው ደውለሽ «የልጁን ዕድል አበላሸህበት» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ኖኅ ምን እንደነገረሽ አላውቅም፤ ምንም ይሁን እውነቱን ነው። ግን ከመጀመሪያው ስሚኝ፤ አንቺ አልነበርሽማ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም የሆኪ ጨዋታውን መጥተሽ አላየሽም። «የፈረንጅ ዕብደት ነው፣ ይተወው» ትይኝ ነበር።

ታስታውሽ እንደሆነ በዘጠኝ ዓመቱ በረኛ ያደረጉት በረዶ ላይ መንሸራተት ስለማይችል ነው። ሌሎቹ ልጆች የሚጠሉት ቦታ ላይ አቆሙት። እሱ ግን ቦታውን ወደደው። አሥራ አራት ሲሞላው አንቺ ወደ ኤድመንተን ሄድሽ፤ እሱ ለሆኪው ሲል እኔ ጋ ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር ቀረ፤ አፉን ግን ዘጋ። መኪና ውስጥ ጆሮው ላይ ሄድፎን፣ ቤት ውስጥ የተቆለፈ በር። የሚጫወትበት አሬና ውስጥ ዛምቦኒ እንደምነዳ ታውቂያለሽ፣ ያን በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና። አንድ ቀን በዕረፍታቸው ገብቼ ሳለሰልስ እጄን ባነሣለት፣ ቤት ስንገባ «ባባ፣ ፕሊስ፣ እዚያ ላይ ሆነህ ዌቭ አታድርግልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቴን ብቻ እያየሁ ነው የምዞረው።

ኦገስት መጨረሻ ላይ እኛው አሬና የሚጫወተው የጁኒየር ቡድን ትራይአውት፣ የተጫዋቾች መምረጫ ፈተና፣ ጠራ። እስከ ሃያ ዓመት ያሉ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ዩኒቨርሲቲዎች መጥተው የሚያዩአቸው ደረጃ ነው። አምስት በረኞች ተጠሩ፤ የሚያዙት ሁለት ናቸው። ከዓርብ እስከ ሰኞ፣ አራት ቀን። ኖኅ ክረምቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላለመም።

ሐሙስ ዕለት የአሰልጣኞቹን ክፍል ላጸዳ ገባሁ። ነጩ ሰሌዳ ላይ የዓመቱ ቡድን ተጽፏል። ከታች በኩል ሁለት በረኞች ከነቁጥራቸው። አንዱ የሳስካቱን ከተማ ልጅ፣ ሌላው የሬድ ዲር። ትራይአውቱ ገና ነገ ነው እኮ! ቆሻሻውን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አብሮኝ የሚሠራውን ነጋሲን ብጠይቀው ሳቀብኝ። «በየዓመቱ እንደዚህ ነው፤ ሁለቱ ከሜይ ጀምሮ የፈረሙ ናቸው። ሌሎቹን የሚጠሩት የሚመታበት በረኛ ስለሚያስፈልጋቸው ነው» አለኝ።

ለኖኅ አልነገርኩትም። የሰሌዳ ጽሑፍ ይጠፋል አልኩ። ጥሩ ከተጫወተ ስም ይቀየራል አልኩ።

ዓርብ ጠዋት መኪና ውስጥ ሄድፎኑን አወለቀ። «ባባ፣ ዛሬ ከሥራ ዴይ ኦፍ ውሰድና ቁጭ ብለህ እየኝ» አለኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ይህንን ነው። እንደ ሌሎቹ ወላጆች ሁሉ መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ። ስንመለስ ፓይንሪጅ ሰፈር ሻዋርማ ልንበላ ቆምን፤ አላቋረጠም፣ ዝም ብሎ ያወራኛል። ፓኩን፣ የሚመቱትን ጎማ፣ ሳይሆን የመቺውን እጅ ነው የማየው ይላል። ፓኩ ከጎሉ ጀርባ ሲገባ እፈራለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም ይላል። እኔም አጎርሰው ነበር፣ እንደ ሕፃን፤ እምቢ አላለም።

እዚያው እያለን ስልክ ተደወለለት። ከካልጋሪ በስተደቡብ ሦስት ሰዓት የሚርቅ የትንሽ ከተማ ቡድን አሰልጣኝ ነው። በረኛቸው እጁ ተሰብሯል። «ነገ ከመጣህ አይሃለሁ፤ ከወደድኩህ እዚሁ ቤተሰብ ጋ እያኖርን እናጫውትሃለን» አለው። ኖኅ ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። «ባባ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ያን የሰሌዳ ጽሑፍ ያየሁት ገና በዋዜማው ነበር። አእምሮዬ ውስጥ ቁጥሮቹ ሳይቀሩ አሉ። አፌን ከፍቼ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? «እዚህ ጥሩ እየተጫወትክ ነው፤ ወዴት ትሄዳለህ?» አልኩት። ደውሎ አመስግኖ እምቢ አላቸው።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንደተጫወተ ብነግርሽ አታምኚኝም። እሑድ አንድ ጎል ብቻ ነው የገባበት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ያ ልጅ የማን ነው ብላ ስትጠይቅ «የኔ ነው» አልኳት፣ ሳልጠየቅም ደጋግሜ ነገርኳት። በነዚያ ቀናት ደስተኛ ነበርኩ። ይህንን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስተኛ ነበርኩ።

ሰኞ አንድ በአንድ እያስገቡ አናገሯቸው። ኖኅ ሁለት ደቂቃ አልቆየም። «ከአምስቱ ጥሩው አንተ ነበርክ፤ ቦታ ግን የለንም። ከፈለግህ ለልምምድ እየመጣህ ትቆምልናለህ» አሉት። ጥሩው አንተ ነህ ብሎ ማሰናበት! ለልምምድ ይምጣና በሳምንት አራት ቀን ይምቱበት፣ ጨዋታ ሲደርስ ቤቱ ይቀመጥ። እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ በኮሪደሩ ሲያልፉ በስሜ ጠርተው ሰላም ይሉኛል፤ እኔም እመልሳለሁ።

ፓርኪንጉ ላይ ደረሰብኝ። አላለቀሰም። የሳስካቱኑ ልጅ፣ ክፋት የሌለው ልጅ ነው፣ አዝኖለት በሜይ እንደፈረመ ነግሮታል፤ ስሙ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እንደቆየም ጨምሮ። ኖኅ ዐይኔን እያየ «ባባ፣ ያንን ክፍል አንተ ነህ የምታጸዳው» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። «አይቻለሁ» አልኩት። «መቼ?» አለኝ። «ሐሙስ» አልኩት።

ሲያስብ አየሁት። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሻዋርማ ቤቱ፣ ስልኩ። ሲደርስበትም አየሁት። ቦርሳውን የመኪናዬ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትቶ በእግሩ ሄደ። በማግስቱ የኤድመንተን አውቶቡስ ላይ ነበር፤ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ በስልክ «ለምን?» ብለሽ ስትጠይቂኝ የልጁን ተስፋ እንዳልቆርጥበት ነው አልኩሽ። ውሸቴን ነበር። ያ ቡድን ቢወስደው ኖሮ በዚያው ሳምንት ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄድ ነበር። አንቺ እንኳ ስትሄጂ እሱ ቀርቶልኝ ነበር። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታድርጊኝ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ለዚያ ለደቡቡ አሰልጣኝ በዚህ እንግሊዝኛዬ ራሴ ደወልኩለት። ያኔ ያመጡት በረኛ አላማራቸውም። ልጄ ጥሩ ነው፣ እምቢ ያለው በኔ ምክንያት ነው አልኩት። አዳመጠኝና እስከሚመጣው ዓርብ ኖኅ ራሱ ከደወለ አየዋለሁ አለ። ስልክ ቁጥሩን ከፖስታው ውስጥ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ያንን ብቻ ስጪው። አባትህ ደወለ አትበይው። ሰውየው ራሱ ፈልጎ አገኘኝ በይው። ከኔ ከመጣ አይነካውም፣ አውቀዋለሁ።

የእግር መከላከያ ፓዶቹን፣ ጓንቶቹንና ማስኩን ዛሬ በጭነት ልኬያለሁ። የግራ እግሩ ፓድ ማሰሪያ አልቆ ስለነበር በአዲስ ቀይሬዋለሁ፤ መጀመሪያ ትንሽ ይጠብቀዋል። ወደ ደቡብ ሲወርድ አውቶቡሱ ካልጋሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። ለአባትህ ደውልለት ብለሽ እንዳትጫኚው። የሚቆምበትን ሰዓት ብቻ ካወቅሽ በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ከሩቅ አየዋለሁ እንጂ ከመኪናዬ አልወርድም።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፤ ወገብሽን ይማርልሽ። ልጃችንን ከክፉ ይጠብቅልን፤ የረገጠው በረዶ ይቅናለት።

የልጅሽ አባት