«አይነካም» ይሉ የነበሩት ታላቅ ወንድማችን

ታላቅ ወንድማችን ከዘበኛ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ቤቱን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ የተመረጥኩትም «አንቺ ማለባበስ አታውቂም» ተብዬ ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። መስመር ሲጠግኑ ሌላ ሰው መብራቱን እንዳይለቅባቸው ማብሪያው ላይ «አይነካም» የሚል ሰሌዳ ያንጠለጥሉ ነበር።

አባታችን ሲሞቱ እናታችን ቤትም ጡረታም ስላልነበራቸው ኑሯቸው ሻንጣ ይዞ ከልጅ ቤት ልጅ ቤት መዞር ሆነ። ወንድማችን ዘንድ ሲደርሱ ገና ሳይቀመጡ «ደግሞ ላስቸግርህ መጣሁ» ይሉ ነበር። ይህች ቃል የወንድማችንን አንጀት ትበላው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከደመወዛቸው እየቀነሱ ለእርጅናቸው ማስቀመጥ ጀመሩ። እኛም «ሽማግሌው» እያልን ሳቅንባቸው። የተቀመጠውንም ገንዘብ በሥራቸው ቃል «አይነካም» አሉት።

በሃያ አምስት ዓመታቸው በዚያው ፋብሪካ የክር ክፍል ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ወጥተው ሴትና ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ቤት እንግዛ ሲሉ፣ አይነካም። ጣሪያው አፈሰሰ ሲባል ባልዲ ገዝተው መጡ። ልጆቹ አይነካም የሚባለው ነገር አልጋ ሥር የተደበቀ መስሏቸው ሲፈልጉ ተገኝተዋል። ይህ ሲወራ ወንድማችንም እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር።

ሳቁ የቆመው ሴት ልጃቸው ሕክምና ለመማር ያለፈች ጊዜ ነው። ክፍያው ከአቅም በላይ ነበር፤ ለእርጅና ከተቀመጠው ትንሽ ቢነሳለት ግን ይሸፈን ነበር። ሄጄ ለመንኳቸው። «ለትምህርት አበዳሪ አይጠፋም፤ ለእርጅና ማን ያበድረኛል?» አሉኝ። አበዳሪው ግን ልጅቷን ዋስ አምጪ አላት፤ ዋስም አልተገኘም። መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ሌሎች ያዘዙትን መሸጥ ጀመረች። ወንድማችን ወደፊት ሸክም እንዳይሆኑባት ብለው ያን ጊዜ እሷን አጎበጧት። እኔ በዚህ አዝኜባቸዋለሁ፤ ዛሬም ሐዘኔ አልወጣልኝም። እሷ አልተጣላቻቸውም። መጥታ ትጠይቃቸዋለች፤ ጃኬቷን ግን አታወልቅም ነበር።

በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ እንዳሰቡትም ከጓደኞቻቸው ቀድመው፣ በክብር ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ከእንግዲህ የማንንም ደጅ ሳይጠኑ ይኖራሉ፤ ይህ የእሳቸው ልፋት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግማሽ አካላቸውን የያዘ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። አስታማሚ በደመወዝ ተቀጠረች፤ ከእሷ እጅ ግን አልጎርስም አሉ። ልጃቸው ሁለቱን ልጆቿን ለባሏ ትታ መጣች። አጎረሰቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ ጢማቸውን ላጨቻቸው።

አንድ ቀን እኛ ሁላችን በተሰበሰብንበት፣ በተሳሰረ አንደበታቸው፣ ከዚያ ከማይነካው ገንዘብ ተነሥቶ ልጃቸው ትማርበት ብለው አዘዙ። እሷ የእግራቸውን ጥፍር እየቆረጠች ነበር፤ ቀና ሳትል «አባዬ፣ እኔን እኮ አለፈኝ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻላቸው ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን። እሷ ሌላኛውን እግራቸውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች።

ወንድማችን በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ለደከሙለት ዕረፍት ፈጣሪ ያብቃቸው። ለልጃቸውም መጽናናቱን ሳያዘገይ ይስጣት።