ሳይቆፈር የቀረው አራተኛ ጉድጓድ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለጀማሉዲን ዘይኑልአቢዲን፤ አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሐዋና ልጆቹ ደህና ናቸው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ደህና ነኝ እያልክ ትዋሸናለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬንም ከጉልበቷና ከናፍቆትህ በቀር የሚያማት የለም።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። አሮጌውን አፍርሰን ለአዲሱ መሠረት ማስቆፈር ስንጀምር የጥንት ሸክላ ስብርባሪና የተጠረበ ድንጋይ ወጣ። ማዘጋጃ ቤት ሥራውን አስቆመና የቅርስ ባለሙያ አይቶ ሳይፈርም የግንባታ ፈቃድ አንሰጥም አለ። ወር ሙሉ ከቀበሌ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያም ደሴ ክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ድረስ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ካልተመታ እማዬን የት አስጠልላታለሁ እያልኩ እህል አልበላ አለኝ።

በመጨረሻ አቶ ደጉ የሚባሉ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጡ። ግቢውን በገመድ ለክተው አራት ቦታ ችካል ተከሉ። በየችካሉ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያስቆፈሩ አፈሩን በወንፊት ያስነፉ ነበር። ከሦስቱ ጉድጓድ ጥቂት ገል ብቻ ወጣ። አራተኛው ችካል ያረፈው አንተ በልጅነትህ ውኃ ታጠጣው ከነበረው ሎሚ ሥር ነው። እማዬ ሄዳ ችካሉን ነቀለችና ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው።

ምን ደብቄ ልበልህ፣ ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ሎሚ ሲባል መና ሊቀር ነው ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባት። እሷ ግን ቀስ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለአቶ ደጉ ነገረቻቸው። ለካ ካንተ በኋላ፣ ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ሳያለቅስ፣ ሳይተነፍስ ቀረ። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እዚያ ቀበረው፤ ሎሚውንም ለምልክት ተከለው። ጠዋት ጠዋት ሎሚውን አጠጣ ትልህ የነበረው ለሎሚው ብላ አልነበረም።

«ሌላ ምንም ያልሰጠሁት ልጅ ነው፤ ይቺን ጥላ እንኳ አትውሰዱበት» አለቻቸው።

ወላሂ፣ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ።

አቶ ደጉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እማዬ ችካሉን ከጉያዋ አውጥታ ስትሰጣቸው ተቀብለው ስድስት እርምጃ ወዲህ ተከሉት። እዚያ የተገኘ ነገር የለም። የቤቱ ፕላን ላይ ሎሚውን በቀለም ከበው «የቤተሰብ መቃብር፤ አይነካም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ቤቱ ወዲህ ስለተሳበ ለአንተ ያሰብነው ክፍል ጠቧል። ስትመጣ እግርህን አጥፈህ ትተኛለህ፣ ምን ይደረግ። ይዞታው በስምህ ስለሆነ አሁን የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው፤ ፕላኑን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ሐዋን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ። የሱፍን ጉንጩን፣ ትንሿን ሸሪፋን ግንባሯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብም ሰላም ብለውሃል። እማዬ ዱዓ እያደረገችልህ ነው።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ፕላኑ ላይ አቶ ደጉ በከበቡት ቦታ ውስጥ ለስም የሚሆን መስመር አስምረው ባዶውን ትተውታል። ስሙን ሲጠይቋት እማዬ ሳያለቅስ ስለሄደ ስም ያወጣለት የለም አለቻቸው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ያውጣለት አለች። ስሙን ሳትጽፍ ወረቀቱን እንዳትመልሰው።

እህትህ ዘሀራ
ኮምቦልቻ፣ የካቲት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.