እህቴን ስለጋረደው ሰሌዳ

ይድረስ ለከተማችን ገጽታ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የሥራ ባልደረቦችዎን ጤንነት፣ እንዲሁም የቢሮዎ መጋረጃ ሳይቀር በሰላም መክረሙን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከወንዝ ዳሩ ቤቶች በሦስተኛው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ፣ ዓይኔ እስከ ዛሬ በመርፌ ክር ለመሰካት ያልታከተ፣ ጉልበቴ ግን ደረጃ መውጣት የተወ ሴት ነኝ። በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ ጸሐፊዎ ራሷ ብትፈልግ ስላጣቻቸው ነው። ልጅቱን እንዳይቆጧት አደራ፤ በየጊዜው ስመላለስ ተነሱ ብላኝ አታውቅም።

በመጀመሪያ ምስጋና ይቅደም። ከአራት ወር በፊት በደጃፋችን ያቆሙት፣ «የከተማችን አጠቃላይ ገጽታ» የሚል ርእስ የተጻፈበት፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚያክል ሰሌዳ ስለ ራሳችን የማናውቀውን ብዙ ነገር አስተምሮናል። ከተማችን ትንሽ ብትሆንም ተወዳጅ መሆኗን፣ በወንዝና በድንበር ላይ መቀመጧ የታደለች እንዳደረጋት፣ አየሯም ነፋሻማ መሆኑን አንብበናል። ነፋሻማነቷን በተመለከተ፣ ሰሌዳው ከቆመ ወዲህ ነፋሱ ወደ ቤቴ መግባት ስላቆመ አጣርቼ መመስከር አልቻልኩም። የቀረውን ግን ጽሑፉ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስለዚህም ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሰሌዳው «ድልድዩ የሁለቱን ዳርቻ ሕዝቦች እንደ ልብ ያገናኛል» ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ምክንያቱም እታለም እያልኩ የምጠራት ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከማዶ ነው። እሷ አግብታ ስትሻገር ድልድዩ ድልድይ ብቻ ነበር፤ በርና ዘበኛ የወጣለት ኋላ ነው። በማግስቱ የክት ልብሴን ለብሼ የይለፍ ወረቀት ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው እጅግ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እህቴን ለመጠየቅ ከሆነ የምሻገረው፣ እህቴ በሕይወት መኖሯን የሚገልጽ ማስረጃ ከምትኖርበት ሰፈር አስተዳደር ማምጣት እንዳለብኝ አስረዳኝ። ማስረጃውን ለማምጣት መጀመሪያ መሻገር እንዳለብኝ ስነግረው፣ እሱማ እውነትዎን ነው እናቴ ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ከዚያ ወዲህም አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አራቱንም ጊዜ አዝኖልኛል።

ስልክ ይደውሉላት እንዳይሉኝ፣ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ፊደልም አልቆጠረች። ባሏ ካረፈ ወዲህ የምትኖረውም ብቻዋን ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮችንም ለምኜ ነበር፤ ከድልድዩ ወርደው አሥር ኪሎ ሜትር እስኪርቁ ፍሬን መያዝ እንደተከለከሉ ነግረውኛል።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳው «የወንዙ ዳርና ዳር ነዋሪዎች ጎብኚን በደስታ ለመቀበል ያሸበረቁ ጨርቆች በየግቢያቸው ይሰቅላሉ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህን የነገረዎትን ሰው ባላውቀውም ቀና ሰው መሆን አለበት። እኛ ጨርቅ የምንሰቅለው ወሬ ለመለዋወጥ ነው። ድልድዩ በር ካበጀ ጀምሮ ዘመድ ከማዶ ያለው ሁሉ የሚነጋገረው በልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ነጭ አንሶላ ደህና ነኝ ማለት ነው። ቢጫ ሻሽ እንግዳ መጥቶብኛል ነው። ቀይ ብርድ ልብስ ደግሞ አሞኛል። ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ የማዶዋ አማቱ ቀይ በሰቀለች ቁጥር ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ እያለ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ይህ እንግዲህ የቤቱ ጉዳይ ነው።

የእታለምን ቀይ ብርድ ልብስ ጠርዙን የቀመቀምኩላት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ገመዱ ላይ ዋለ። በዘጠኙ ቀን ውስጥ የአንድ አስተማሪን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ሰፍቼ ሰውየውን በተማሪ ፊት አሳቅኩበት። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ነጩ አንሶላ ሲወጣ መቀሴን አስቀምጬ አለቀስኩ። እኛ ከተማችንን የምናውቃት በዚህ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ቦታ ተርፎ ከሆነ ይጨመርልን።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ሰሌዳው የቆመበት ቦታ ነው። ከመስኮቴ በስተቀኝ የጉምሩኩ ግንብ አለ፤ በስተግራ የውኃ ማጣሪያው አጥር አለ። በሁለቱ መካከል አንድ ክፍተት ነበረች፤ ከእኛ ቤቶች ማዶውን የምታሳየው እሷ ብቻ ስትሆን፣ የእታለምን ግቢ የማየውም በእሷ ነበር። ከተማዋ ሙሉ ስፋቷን ዘርግታ ሳለ መሐንዲሶችዎ ያችኑ ክፍተት አግኝተው በልኳ ሲሞሏት ሳይ በሙያቸው ተደንቄአለሁ፤ እኔ በሜትር ለክቼ እንኳ ልብስ እንደዚያ ልክክ አላደርግም። ከሰሌዳው ወዲያ ያለው መሬት የድንበር ክልል ነው ተብሎ ሰው አይረግጠውም። የሰሌዳውን ዘበኛ ለአንድ አፍታ አልፌ ልይ ብዬ ብለምነው፣ እትዬ፣ እኔ ራሴ ከፊቱ እንጂ ከኋላው እንድቆም አልታዘዝኩም አለኝ። እውነቱን ነው። እንጀራው ነው።

እንግዲህ አራት ወር ሙሉ እኔ የማየው ጽሑፉን ነው፤ እህቴ የምታየው ጀርባውን፣ ቆርቆሮውን ነው። ነጭ አንሶላዬን ግን ዛሬም በየጠዋቱ እሰቅላለሁ፤ እጄ ለምዶት ነው እንጂ ለማን እንደምሰቅል አላውቅም። ከእኔ በሰባት ዓመት ትበልጣለች። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ሌላ የማደርገውም ነገር የለኝም።

አራተኛም ነጥብ ነበረኝ፤ ስለ መንገድ መብራት ነው፤ እሱ ይቆይ።

የምለምነው ሰሌዳው እንዲነሳ አይደለም፤ ከተማ ያለ ገጽታ እንዴት ትኖራለች? አራት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ይበልልኝ ነው። አራት ከበዛ ሦስት ይበቃኛል፤ አንገቴን ሰገግ አደርጋለሁ።

ለሰጡን ዕውቀት፣ ለነፈጉን ነፋስ፣ ማመልከቻዎቼንም ማንም እንዳያገኛቸው አድርገው በጥንቃቄ ስላኖሩልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ እመኛለሁ።

በሰሌዳዎ ጥላ ሥር የምትኖር አክባሪዎ፣
የወንዝ ዳሯ ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ስለተለጠፈልን በድጋሚ አመሰግናለሁ። ፎቶ አንሺዎ ለእኛ ከተከለከለው መሬት ላይ ቆሞ ማዶውን አጥርቶ አንስቶታል፤ የእታለም ግቢም በሩ፣ ገመዱ ሳይቀር ይታያል። ገመዱ ላይ የተሰጣው ቀዩ ብርድ ልብስ ነው። ፎቶው የተነሳው ባለፈው ክረምት ከሆነ፣ ያን ሕመም ድና ተነስታለች፤ እፎይ ብዬ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። ወንዙ ሞልቶ ወይም ጎድሎ እንደሆነ አይቼ ወቅቱን ልለይ ብል፣ ውኃው ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ በትልቁ ስለተጻፈ አልታይ አለኝ። ዘበኛውን ጠየቅሁት፤ አያውቅም። ጸሐፊዎን ጠየቅሁ፤ እሷም አታውቅም። ስለዚህ ሰሌዳውን ማንቀሳቀሱ ቢቀር እንኳ ፎቶው የተነሳበትን ቀን ብቻ በአንድ መስመር ጽፈው ይላኩልኝ። ጎብኚዎች ቀለሙን በጣም እንደወደዱት ሰምቻለሁ፤ ግን ለእነሱ የተሰቀለ አይደለም፣ ለእኔ ነው።