እትዬ እምቢ፦ ለግራፋይት የሚስማማውን ድንጋይ ያስሠሩት እህታችን

እህታችን በ1947 ዓ.ም. ከቶርኖ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጥገናው ግቢ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ሲወለዱ ቀድሞ የወጣው እግራቸው ነበርና አዋላጇ “ይቺስ ከወዲሁ እምቢ ባይ ናት” አለች ይባላል። ለአራት ታናናሾቻቸው እንደ ሁለተኛ እናት ነበሩ። ይህን የጻፈችው የመጨረሻዋ ታናሽ እህታቸው ናት፤ ስለዚህ የተጋነነ ነገር የሚፈልግ ከሌላ ይጠይቅ፣ እዚህ የሚነበበው ሁሉ የሆነ ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዘለቁ። አባታቸው መምህርነት እንዲማሩ ቢለምኗቸውም የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብተው በጽሕፈት ተመረቁ። በ1967 ዓ.ም. የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ በሚሠራው ፋብሪካ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ግዥ ክፍል ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። ባለቤታቸው የግራይንደር ማሽን ሠራተኛ ነበሩና አንድ ቀን እህታችን የገዙትን የማይረባ የመሞረጃ ድንጋይ ይዘው መጥተው በእህታችን ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረጉት። “ይሄን ለወረቀት መጫኛ አድርጉት፤ ለሥራ አይሆንም” አሉ። እህታችንም ቀና ሳይሉ “ለመቆጣት ከመጣህ ቁጭ ብለህ ተቆጣ” አሏቸው። ሰውየው ቁጭ አሉ። በ1973 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ጠቡ ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ አልተቋጨም፤ ሁለቱም ይወዱት ነበር።

ለማያውቅ ሰው ስለ ሥራቸው ማስረዳት ይገባል። ፋብሪካው የፓምፕ ቀለበቶችን ከግራፋይት ይሠራል። ግራፋይት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። በእጅ ሲነኩት ልስልስ ያለ ነው፤ ማሽን ላይ ሲወጣ ግን የሚሞርደውን ድንጋይ መልሶ ይበላል፣ የራሱ ጫፍም እንደ ደረቅ ብስኩት ይረግፋል። ቀለበቱን ልኩ ላይ የሚያደርሰው ግራይንደሩ ላይ የሚታሰረው ክብ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ካልተስማማ ቀለበት የለም።

ድንጋዩ ቶሎ ባለቀ ቁጥር የግራፋይት ክፍሉ “ጠንከር ያለ ይምጣልን” ይላል፤ እህታችንም ጠንከር ያለ ያዛሉ። ድንጋዩ በጠነከረ ቁጥር የቀለበቱ ጫፍ ይብሱን ይረግፋል። ብረት ሲሞርድ የኖረ ሰው ሌላ አይታየውም። የፋብሪካው ኢንጂነርም፣ ባለቤታቸውም፣ እሳቸውም አልታያቸውም። ዓመታት እንዲህ አለፉና በ1989 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ተናገረ፤ ቀለበቱ ተሠርቶ ያለቀለት ከሌላ ይገዛል፣ ማሽኖቹ ይሸጣሉ፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ይሰናበታል። የግዥውን ወረቀት እንዲያዘጋጁ የታዘዙት እህታችን ነበሩ።

“እምቢ” አሉ። “እኔ የተቀጠርኩት ዕቃ ልገዛ ነው፤ ሰው ላባርር አይደለም።” እትዬ እምቢ የሚለው ስም የጸናባቸው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው፤ እሳቸውም ስልክ ሲያነሡ ሳይቀር ራሳቸውን ይጠሩበት ነበር።

ለድንጋይ አምራቾች ሁሉ ጻፉ። የሚመለስላቸው ካታሎግ ብቻ ነበር፤ በልክ ሥሩልኝ ሲሉም “ለጥቂት ድንጋይ ብለን እቶን አናነድም” ተባሉ። በመጨረሻ በሌላ ከተማ ትንሽ እቶን ያላቸው አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰሙ። የደነዘዘውን ድንጋይ፣ የተሸራረፉትን ቀለበቶችና አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ዱቄት ታቅፈው በአውቶቡስ ሄዱ። ቆርቆሮው መንገድ ላይ ተከፍቶ ሲወርዱ ከአንገት በታች ጠቁረው ነበርና መናኸሪያው ውስጥ ከሰል ሻጭ መስለዋት ያስቆመቻቸው ሴት ነበረች።

ባለ እቶኑ ሽማግሌ ድንጋዩን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ሳቁ። “እትዬ፣ ይሄ እኮ ጠግቧል። ቀዳዳው በዱቄት ተደፍኖ መቁረጡን ትቶ ማሸት ጀምሯል። እናንተ የሚቆይ ድንጋይ ስትጠይቁ ኖራችኋል። ለዚህ የሚሆነው ለስለስ ያለ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው፤ የደነዘዘው የድንጋዩ ቅንጣት ቶሎ ይውደቅለት፣ ስለታሙ ይተካ።”

“ታዲያ ይሥሩልኝ።”

“ለአንድ ድንጋይ?”

“ከሌላው ጎን ይጨምሩት። እሳቱ ሲነድ ሳላይ ከደጅዎ አልሄድም።”

አልሄዱምም። ሽማግሌው ታክቷቸው ይሁን ደስ ብሏቸው፣ ለስለስ ያለውን ድንጋይ ሠርተው እቶን ውስጥ ከተቱት።

ተመልሰው በፋብሪካው ስብሰባ ላይ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ “ጠንካራውን ሳዝዝ የኖርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። በእኔ ስህተት ግን ማንም እንጀራውን አያጣም።” ሥራ አስኪያጁ ጊዜ አልሰጣቸውም። ድንጋዩ ቀስ ብሎ መብረድ ነበረበት፤ ማሽን ገዢዎቹ ደግሞ ቸኩለዋል። ማሽኖቹን የሚጭነው መኪና የመጣ ጠዋት እህታችን ከቢሯቸው ወንበር አምጥተው በክፍሉ በር መካከል ቁጭ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ዘበኛ ቢጠራ ወይ ፍንክች። ዘበኛው “እኔ እትዬን አልነካም” ብሎ ዞር አለ። የመኪናው ሾፌር እንኳ መጀመሪያ ጡሩንባ ሲያንባርቅ ቆይቶ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ውኃ አመጣላቸው።

ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ በጭነት ደረሰ። ባለቤታቸው በእንጨት እጀታ መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ ይታፈናልና። ይሄኛው ጥርት ብሎ ጮኸ። አሰሩት፣ ቀለበቱን አስጠጉ። የወጣው ቀለበት ጫፉ ሙሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አውራ ጣቱን በጫፉ ላይ ዙሪያውን አስኬደና ሾፌሩን “ሂድ በቃ” አለው። መኪናው ባዶውን ወጣ። እህታችን በዚያን ሰዓት እንደ ልጅ አለቀሱ፤ በሰው ፊት ሲያለቅሱ የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። የሳንባ ሕመም ካገኛቸው ወዲህ ሐኪሙ ንግግር እንዲቀንሱ ቢመክራቸው “ሌላ መድኃኒት የለህም?” ብለውታል። ሲታመሙም ሲታከሙም ቆይተው ትናንት ማክሰኞ ማለዳ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው በሐዘን ቆመናል።

ሴት ልጃቸው ግን እዚህ የለችም። ከጠዋት ጀምሮ የሚንሾካሾከውን ሰምተናልና በአደባባይ እንመልሳለን። የግራፋይት ክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት። አዲሶቹ የፋብሪካው አለቆች የታዘዘው ቀለበት እስከ ዛሬ ምሽት ካልተጠናቀቀ ክፍሉን እንዘጋለን ብለዋል። እናቷ ሊሞቱ ሲቃረቡ፣ ለቀብሩ አንድ ቀን እንዲጨምሩላት አስቀድማ ብትጠይቅ የማስረከቢያው ቀን አይለወጥም አሏት። እናቷ ይህን በአልጋቸው ላይ ሳሉ ሰሙ። የመጨረሻ ቃላቸውም ይህ ነበር፦ “ብሞት ማሽኑ እንዳይቆም። አንቺ እኔ ላይ ስታለቅሺ ያ ሁሉ ሰው ሥራ ቢፈታ ይቅር አልልሽም። እኔን ነገም ታገኚኛለሽ፤ የትም አልሄድ።”

ስለዚህ ይህ በሚነበብበት ሰዓት ልጅቱና የክፍሏ ሰዎች ማሽን ላይ ናቸው። እያለቀሰች እንደምትሠራ እናውቃለን። የእናቷን ቀብር ቀረች የሚል ካለ ለእኛ ይናገር፤ ለእሷ ደፍሮ እንዳይናገር። ለቅሶ ልትደርሷት የምትሹ ከመሸ በኋላ ቤት ታገኟታላችሁ።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ የልጃቸውንም እጅ እስከ ምሽት ያጽናልን።