የበሩ ሥዕል

ጥቅምት 4
አባዬን አጠብኩት። ገንፎ በላ። ስትሮኩ አንደበቱን ከዘጋው ወዲህ ለሁለታችንም የምጠይቀው እኔ፣ ለሁለታችንም የምመልሰው እኔ... በሰው ያስመጣኋት ትንሽ ተች ስክሪን ዛሬ ደረሰች። መዳፍ ብታክል ነው። አራት ሥዕል ላደርግባት አስቤያለሁ። ብርጭቆ፣ በር፣ አልጋ፣ የተዘረጋ እጅ። ግራ እጁ ደህና ነው። ለአንድ ሰው አራት ቃል ይበቃዋል?

ጥቅምት 7
ጠረጴዛ ላይ ሞከርኳት። ብርጭቆውን ስነካ "ውሃ ስጡኝ"፤ በሩን፣ "ልውጣ"፤ አልጋውን፣ "ልተኛ"፤ እጁን፣ "እምቢ"። የቀዳሁት በራሴ ድምፅ ነው። እዚህ ቤት ሌላ የማን ድምፅ አለ?

ጥቅምት 8
ራስጌው አጠገብ ሰቀልኳት። ገመዷ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨ። ዘቅዝቄ ሰቀልኳትና ምስሉን ከኮምፒውተሩ አቀናሁት። አባዬ ወዲያው ገባው፤ ጣቱን አነሳ።
"ልተኛ" አለች።
ገና አሁን መነሳቱ... አስተኛሁት።

ጥቅምት 11
ከኩሽና እሰማለሁ። "ልተኛ።" እሄዳለሁ፣ አጋድመዋለሁ። ወዲያው "ውሃ ስጡኝ"። አመጣለሁ። ከንፈሩን ይገጥማል። አጠገቡ ብቆምም ለውጥ የለውም፤ ፋብሪካ የሠራበት ሰፊ እጁ ስክሪኗን ስለሚሸፍናት የቱን ሥዕል እንደነካ አላይም። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 13
እህቴ ሮዳስ ደወለች። "አእምሮው ሄዷል እኮ። ያንን መጫወቻ አንሺውና አርፈሽ አስታሚው።"
መጫወቻ አይደለም አልኳት። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ እንዲተኛ።
አራተኛ ፎቅ ነን። አስቤዛ የሚያመጣልን ምድር ቤት የሚኖረው ጃለታ ነው። ሰፈራችንን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ የማያት በፌስታል ስትመጣ ነው።

ጥቅምት 15
አባዬ ዛሬ ስክሪኗን አልነካም። ግድግዳውን ያያል።

ጥቅምት 16
የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን መሰለች ልትጠይቀው መጣች። "ጋሽ ሂርጳ፣ እስቲ እኔም ልናገርባት" ብላ የበሩን ሥዕል ነካች።
"ልተኛ።"
መሰለች ሳቀች። "ውጣ ሲሉት የሚተኛ! ይቺስ ቁርጥ ባሌን ናት።"
እኔ አልሳቅኩም። የተዘረጋውን እጅ ነካሁ። "ውሃ ስጡኝ።"
ምስሉን ብቻ ነው የገለበጥኩት። ንክኪውን አልገለበጥኩትም። እኛ በር የምናይበት ቦታ ለስክሪኗ አሁንም አልጋ ነው።
ልውጣ ሲለኝ አስተኛሁት። እምቢ ሲለኝ ውሃ አመጣሁለት። መጋረጃ ዘጋሁበት...
አባዬ ያየኝ ነበር። አውቆታል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በምን ይንገረኝ?

ጥቅምት 17
አስተካከልኳት። ደጋግሜ ሞከርኩ። አላመንኩም፣ ደግሜ ሞከርኩ።
አባዬ ቶሎ አልነካም። ዓይኔን አየ። ከዚያ በሩን ነካ።
"ልውጣ።"
ጃለታና የመሰለች ባል በፕላስቲክ ወንበር አወረዱት፣ በየፎቁ እያረፉ።
"ከባድ ሰው ነዎት ጋሽ ሂርጳ" አለ ጃለታ።
"ተኝቶ የሚወፍር እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለ የመሰለች ባል።
የአባዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀ ነበር።
ብሎኩ ጥግ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ስክሪኗን ከነፓወር ባንኳ ጭኑ ላይ አደረግኩለት። ሚኒባስ አለፈ። ሴትዮ ፍየል እየጎተተች አለፈች። ሁሉንም በዓይኑ ሸኘ።
ጥላው ጫማውን ሲነካ "እንግባ አባዬ፣ ይበርድሃል" አልኩት። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።
ጣቱን አነሳ።
"እምቢ።"
በገዛ ድምፄ። እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።
ወንበሩን ለቀቅኩ። ወንበሩን ወደ ፀሐይ ጠጋ አደረግኩለትና ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ይሞቃል።