ጾም የማያውቀው ጉበቴ

የካቲት ፲፮
ይህን ደብተር የገዛሁበት ምክንያት አንድ ነው፦ በጾም ወራት የኮሌስትሮል ኪኒን እንደማያስፈልገኝ ዕለት ዕለት መዝግቤ ለሐኪሙ ለማሳየት። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አይጨርስም። «ሁለት መቶ ስድሳ ነው አባቴ፣ ስለዚህ በየቀኑ…» አለና ወረቀቱን ሰጠኝ። በየቀኑ ምን? ማሰሪያ አንቀጹ የት ሄደ?

ዛሬ ቅበላ ነው። ዶሮ በልቻለሁና ኪኒኑን ዋጥሁ። ከነገ ጀምሮ ግን ሥጋም ቅቤም የለም። ታዲያ ኪኒኑ ሆዴ ገብቶ ምን ሊሠራ? እርሱም ይረፍ።

የካቲት ፳
አልዋጥሁም። ደኅና ነኝ።

የካቲት ፳፬
ታናሽ እኅቴ ንግሥቴ ከቡሬ ደወለች። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሁለት ዓመቷ ነው። በየቀኑ አንድ ኪኒን ትውጣለች፤ እኔም በየወሩ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም እየገዛሁ በሚኒባስ እልክላታለሁ።
«ኪኒንዎን ይውጣሉ ወይ፣ ጋሼ?»
«በጾም? ቅቤ በሌለበት ኪኒኑ ምን ሊያሳድድ!»
«እርስዎ ካሉማ» አለችና ስለ ላሟ ማውራት ጀመረች። አሳምኛታለሁ መሰለኝ።
ድሮ ትጽፍልኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዱን ደብዳቤዋን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስሁላት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ብቻ። ለምን ይሆን?

መጋቢት ፲፭
ንግሥቴ «የዚህን ወር መድኃኒት አይላኩ፣ ተርፎኛል» አለች። ቆጣቢ ሴት ናት።

መጋቢት ፳፱
ደሜን አስመረመርሁ። ሁለት መቶ ስድሳ ስምንት! አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮና ጎመን በልቼ!
ውጤቱን ይዤ ወደ መድኃኒት ቤት ገሠገሥሁ። ባለሙያዋን ፀደንያን ሰባተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬም ስታየኝ ብድግ ትላለች።
«ደሜ ከሌላ ሰው ደም ጋር ተቀያይሯል።»
«አልተቀያየረም፣ መምህር። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራስዎ ጉበት ነው።»
«በጾምም?»
«በጾምም። ማታ ማታማ ይብስበታል።»
«ጉበቴ ይገድፋል ነው የምትዪኝ?»
አፏን በእጅዋ ሸፈነች። ለካ ኪኒኑ ቅቤ አያሳድድም። የጉበትን ሥራ ያቀዘቅዛል፤ ጉበትም ሲያጥረው ከደም ውስጥ ይሰበስባል። በተሟላ ዓረፍተ ነገር አስረዳችኝ።
«የእትዬ ንግሥቴንስ መድኃኒት በዚህ ወር ለምን ሳይገዙ ቀሩ?»
«ተርፏታል።»
«በየቀኑ የሚዋጥ እንዴት ይተርፋል፣ መምህር?»
ያን ዕለት በስልክ ያልኋት ትዝ አለኝ። ተቀመጥሁ።
የንግሥቴ ኪኒን ሥራው ሌላ ነው አለች። በሽታዋን የሚያሳድግ ሆርሞን የሚቀመጥበት ወንበር አለ፤ ኪኒኑ ቀድሞ ይይዝበታል። «ከተነሣ ግን…» ብላ ተወችው። አላረምኋትም። ሰንበቴ ላይ ለጸሎት ብድግ ባልሁ ቁጥር የማኅበራችን ሰው ኪዳነ ማርያም ወንበሬ ላይ ጉብ ይላል። ገብቶኛል።

መጋቢት ፴
ቡሬ ሄድሁ።
«ካቋረጥሽ ስንት ቀን ሆነሽ?»
«ከዚያች ስልክ ጀምሮ። የተማሩት ከተዉት እኔ ማን ነኝ?»
«የንስሐ አባትሽ ምን አሉ?»
«መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፣ ዋጪ አሉ። እኔ ግን እርስዎን አመንሁ።»
ከስድብ የከፋ ነው ይሄ።
«በይ አሁን ዋጪ።»
«የዛሬን እውጣለሁ። ለነገው ግን በቃል አልሰማም፤ ያስተወኝ የእርስዎ ቃል ነው። ተሳስቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ። በፊርማ!»
ትስቃለች ደግሞ። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችልኝ። አንድ ሰዓት ተቀመጥሁ… «ተሳስቻለሁ» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጽፌው አላውቅም። ባዶውን ወረቀት ይዤ ተመለስሁ።

ሚያዝያ ፩
ትናንት ማታ ኪኒኔን ዋጥሁ። ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። በጠዋቱ ሚኒባስ የላክሁት አራተኛው ነው፤ ቅጂው ይኸው፦

«እኅቴ ንግሥቴ፣
ተሳስቻለሁ። የሚጾመው ሰው ነው እንጂ ጉበት አይደለም። የእኔና የአንቺ ኪኒንም አንድ አይደሉም፤ የአንቺው ለአንድ ቀንም ከወንበሩ መነሣት የለበትም። መድኃኒትሽን ያቋረጥሽው በእኔ ምክንያት ነው፤ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው፣ ስሜንም ጥሪ። በየቀኑ መዋጥሽን እስከ ሚያዝያ ፲፩፣ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ፣ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። እንደ መጣልሽ ጻፊው። ቀይ እስክሪብቶዬን ለፀደንያ ሰጥቻታለሁ።»